በቅባት ዕቃ ላይ የተጻፈውን እናንብብ

ባለፈው ሳምንት በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ስለሚገኘው ጽሑፍ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ወደ ገበያ እንውጣ። በገበያ ቀን ከሳሙናና ከክብሪት ጎን ብዙ ዓይነት ቅባት ተደርድሮ እናያለን። አንዳንዱ በብልቃጥ ነው፤ አንዳንዱ እንደ ጥርስ ሳሙና የሚጨመቅ ነው። ፊት ለፊቱ የቆንጆ ሴት ሥዕል አለበት። ሥዕሉ ግዙኝ ይለናል። የቅባቱን ምንነት የሚነግረን ግን ከጀርባው ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ነው።

እርግጥ ነው፣ ይህ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ፊደል አይደለም፤ በላቲን ፊደል ነው። ታዲያ ምን እናድርግ? በቤታችን ወይም በጎረቤት ይህን ፊደል የለየ ተማሪ አይጠፋም። ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ እኛ እንስማ። ትርጉሙን ባያውቀው ግድ የለም። እኛ ቃሉን በጆሯችን ካወቅነው ይበቃል። ስለዚህ ቃላቱን እንደሚነበቡት አድርገን በእኛው ፊደል ጽፈናቸዋል።

ቅባቱ የተሠራባቸው ነገሮች የሚጻፉት በተራ ነው። በብዛት የገባው መጀመሪያ ይጻፋል፤ በጥቂቱ የገባው ወደ ኋላ ይሆናል። «አኳ» ማለት ውሃ ነው። «አኳ» ቀድሞ ከተጻፈ ከሁሉ የበዛው ውሃ ነው። በውድ ዋጋ የሚሸጠውም ቅባት ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው።

«ፔትሮላተም» የምናውቀው ቫዝሊን ነው። ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ ይወጣል። ቫዝሊን ለቆዳ ውሃ አይሰጥም። በቆዳ ላይ ያለው ውሃ እንዳይተን እንደ ድስት ክዳን ይከድናል እንጂ። ስለዚህ ተረከዙ የተሰነጠቀበት ሰው በደረቅ እግር ላይ አይቀባው። እግሩን ይታጠብ፣ ያደራርቅ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ይቀባ። «ግሊሰሪን» ደግሞ ውሃ ይስባል። ብቻውን ከምንቀባው ውሃ ብንቀላቅልበት ይሻላል። «ፓርፉም» ሽቶ ነው። አንዳንድ ሰው ቆዳውን ያሳክከዋል። ለሕፃን ሽቶ የሌለው ይመረጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ፊት ያቀላል የሚባል ቅባት አለ። ሠርግ ሲቃረብ ይፈለጋል። ጠይም መልክ በሽታ ሳይሆን ለምን መድኃኒት እንደሚፈለግለት አይገባንም። ለማንኛውም፣ ልጁ ሲያነብ የሚከተሉትን ቃላት ከሰማን ቅባቱን ወደ ነበረበት እንመልሰው።

አንደኛው «ሜርኩሪ» ነው። አባቶች ባዜቃ ይሉታል። «ካሎሜል» ተብሎም ይጻፋል። ሜርኩሪ በቆዳ ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። የሚጎዳውም የተቀባውን ሰው ብቻ አይደለም። በፎጣና በእጅ ወደ ልጆች ይደርሳል። የዓለም አገሮች በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ስለ ሜርኩሪ ስምምነት አድርገዋል። ስምምነቱ ሚናማታ ይባላል። ሚናማታ ሕዝቧ በሜርኩሪ የተመረዘባት የጃፓን ከተማ ናት። በዚህ ስምምነት ሜርኩሪ ያለበት ፊት ማቅያ ተከልክሏል። ግን ተደብቆ ይሸጣል፤ ስሙም ላይጻፍ ይችላል። እንዲያም ሆኖ አንድ ምልክት አለው። በአንዳንዱ ዕቃ ላይ «ወርቅና ብር እንዳይነካው» የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ሜርኩሪ ወርቅን ያበላሻልና ነው። እንግዲህ ለቀለበት የተፈራውን ነገር ፊታችን ላይ ልንቀባ ነው?

ሁለተኛው «ሃይድሮኪኖን» ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳን ያጠቁራል። ጥቁር ሰማያዊ የሆነ ምልክት ይወጣል፤ ምልክቱም በቀላሉ አይለቅም። ሊቀላ የተፈለገው ፊት ጠቁሮ ይቀራል ማለት ነው።

ሦስተኛው «ክሎቤታሶል» እና «ቤታሜታሶን» ነው። እነዚህ መድኃኒት ናቸው። ሐኪም ለችፌና ለመሰለው የቆዳ በሽታ፣ ለተወሰነ ቀን ያዛቸዋል። ክፉነታቸው መጀመሪያ ላይ ማማራቸው ነው። በጥቂት ሳምንት ፊት ይጠራል፣ ይለሰልሳል። ጎረቤት ሁሉ «ምን ተቀባሽ?» ይላል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ ብጉር ይወጣል፣ ፊት ላይ ጠጉር ይበቅላል። ሲተዉት ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል። ሴትዮዋ ያን ፈርታ መልሳ ትቀባለች። መያዣው እዚህ ላይ ነው።

በእነዚህ ቅባቶች ስትቀቡ የቆያችሁ እኅቶች አትፈሩ፣ አትፈሩም ዘንድ አትደብቁ። ዕቃውን እንደያዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም ጠይቁ። አተዋወሙን እነሱ ያሳዩአችኋል። ጽሑፍ በሌለው ዕቃ ተቀላቅሎ የሚሸጠውን ግን ማንም አይግዛው። የሚነበብ ነገር የለውምና።

የቀረን የቀኑ ነገር ነው። ቁጥር ሁላችንም እናነባለን። በዕቃው ላይ ሁለት ቀን ካለ የፊተኛው የተሠራበት፣ የኋለኛው የሚያበቃበት ነው። ዘመኑ ግን የፈረንጅ ነው። 06/2027 ቢል 6 ወሩ ነው። የፈረንጅ 1ኛ ወር ከጥር ጋር ይቀራረባል። ከጥር ጀምረን ስንቆጥር 6ኛው ሰኔ ነው። ከ1 እስከ 8 ላሉት ወሮች ከዓመቱ 8 እንቀንስ። ስለዚህ ሰኔ 2019 ይሆናል። ከ9 እስከ 12 ላሉት ግን አዲስ ዓመታችን ስለ ገባ 7 ብቻ እንቀንስ። 11/2027 ቢል ኅዳር 2020 ነው። የተከፈተ ብልቃጥ ሥዕል ላይ 12 ተጽፎ ብናይ ደግሞ፣ ከከፈትነው በኋላ ለ12 ወር ያገለግላል ማለት ነው።

ልምምድ፦ እነዚህን ወደ እኛ ዘመን ለውጡ። 05/2028፣ 10/2028፣ 02/2029። መልሱን በደብተራችሁ ጽፋችሁ ከጎረቤት ጋር አስተያዩ።