የወደቁት ስም በማን መዝገብ ይገባል?

በነሐሴ ወር 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በድሬዳዋ ላይ በታንክና በመድፍ በዘመተ ጊዜ፤ ዓላማው የባቡሩን መስመርና የአየር ኃይሉን ጦር ሰፈር ለመያዝ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ከተማይቱ አልተያዘችም። ጅጅጋ በየካቲት 1970 ዓ.ም. ከተመለሰች በኋላም ጦርነቱ ብዙ ሳይቆይ አበቃ።

በ1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የትግላችን ሐውልት የዚህ ጦርነት መታሰቢያ ሲሆን፤ በሥፍራው በውጊያው የወደቁት ኩባውያን ምስል ተደርድሯል። ከባሕር ማዶ መጥቶ ለሞተ ሰው ይህ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ባለችው በዋሂልና በአካባቢዋ ገጠር ሙታን እንዴት ይታሰባሉ ብለን ብንጠይቅ፤ ነገሩ ከሐውልት ይልቅ ወደ ሽማግሌዎች አፍ ይመራናል። እንደ ልማዱ ሙስሊሙ ለሰደቃ፤ ክርስቲያኑ ለተዝካር ይሰበሰባል፤ የሟቹ ስም ከነአባቱ ይነሣል፤ ይጸለያል፤ ተበልቶም ይበተናል። በዚያን ጊዜ የሃያ ዓመት ጐልማሳ የነበረው ዛሬ ሰባ ሊሞላው ነው።

ችግሩ ግን የዕድሜ ብቻ አይደለም። በዚህ አገር ኦሮሞውና ሶማሌው ተጋብቶ፤ አንድ ገበያ ውሎ የሚኖር ነውና የአንዱ ልጅ ከሚሊሺያው፤ የአማቹ ልጅ ከወዲያኛው ወገን ሊገኝ ይችል ነበር። መሣሪያ ያልያዘውም ሰው ከመካከል ወድቋል።

ስለዚህ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት የተላከ ወጣት መዝገቡን ይዞ ሰደቃው ዘንድ ቢቀመጥና፤ «ከማን ጦር ነበር?» ብሎ ቢጀምር፤ ብዙው አፍ ይዘጋበታል። በእኛ አስተያየት የሟቹ ስም፤ የአባቱ ስምና የሞተበት ሥፍራ ቢጻፍ ይበቃል። ወገን የሚለይ ዓምድ በመዝገቡ ላይ ባይሠመር እንመርጣለን።