ድምፁን ወድዶ ባለድምፁን መጥላት

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባላል። ይህ ምሳሌ ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ለኅብረት ዝማሬ ይመስለናል። ብቻውን የሚያዜም ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ተቀባዮች ያሉት አውራጅ ግን እርሱ ቢያርፍም ዜማው አያርፍም።

ይህን እውነት የአሜሪካ ጥቁሮች በመከራ ተምረውታል። በናሽቪል ከተማ ያለው የፊስክ ዩኒቨርሲቲ በገንዘብ እጦት በተቸገረ ጊዜ፣ ተማሪዎቹ ከ1871 ዓ.ም. ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወላጆቻቸው በባርነት ዘመን ያዜሙት የነበረውን መዝሙር በየከተማው እየዞሩ በማሰማት ትምህርት ቤታቸውን አዳኑ። የባርነት ትዝታ የነበረው ዜማ የክብር ሀብት ሆነ።

ነገር ግን ከዚሁ ሕዝብ መካከል ሁለት ጊዜ የተገፉ ነበሩ። እነዚህም የራሳቸውን ጾታ የሚያፈቅሩ ጥቁሮች ናቸው፤ በነጮቹ ዘንድ በቆዳቸው፣ በገዛ ወገናቸው ዘንድ በፍቅራቸው ተነቀፉ። በብዙ ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ጋር ቆመው ጉባኤውን ሲያስለቅሱ ቆይተው፣ ስብከቱ ሲጀመር የሚወገዙት እነርሱው ነበሩ። ድምፀ መልካሙ ባያርድ ረስቲን፣ በ1963 ዓ.ም. 250 ሺህ ያህል ሰው የወጣበትን የዋሺንግተን ሰልፍ ያደራጀ ሰው ሲሆን፣ አንዳንድ መሪዎች በዚሁ ምክንያት የሰልፉ የበላይ ኃላፊ እንዳይባል ተቃወሙ። ሥራው ተፈለገ፤ ስሙ ተፈራ።

በባልቲሞር የተወለደው የመንፈሳዊ መዝሙር ዘማሪ ካርል ቢን ግን ሌላ መንገድ መረጠ። በ1977 ዓ.ም. ተፈጥሮውን ሳይሸሽግ የሚናገር ዘፈን በሸክላ አስቀረጸ። በ1982 ዓ.ም. እንደ እርሱ ለተገፉት ሁሉ በሩ የተከፈተ ቤተ ክርስቲያን በሎስ አንጀለስ መሠረተ። በዚያ የአያቶቻቸውን ዜማ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ወራሽ ዘመሩት። ቢን በ2021 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ በዚሁ አገልግሎት ጸና።

መዝሙር በሽታ አያድንም የሚል ቢኖር፣ እውነቱን ነው እንላለን። ቢንም ይህን ስለተገነዘበ፣ ኤድስ ወገኖቹን ሲፈጅ በ1985 ዓ.ም. ሕሙማኑን የሚረዳ ድርጅት አቋቋመ። ዳሩ ግን የተጣለ ሰው መድኃኒት ለመፈለግ እንኳ ልብ ያሻዋል፤ ያ ልብ የሚገኘውም ከሰው መካከል ነው።

ስለዚህ ነገ ሕዝብን የምትመሩ ተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች፣ የኅብረት ዝማሬ ስትሰሙ ጣዕሙን ብቻ አታድንቁ። ከዘማሪዎቹ መካከል መዝሙሩ ሲያበቃ የሚያስጠጋው ያጣ ይኖር እንደ ሆነ ጠይቁ። ዜማውን የተቀበለ ዘማሪውንም ሊቀበል ይገባዋልና።