የአዳራሽ ጭብጨባ የሕዝብ ፈቃድ አይደለም
ስለ ብሎክቼይን፣ ስለ ልጆቻችን መዝገብና ስለ አባይ ኤሌክትሪክ የፓርቲያችን አቋም



«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ከመነሻው እንጀምር። ብሎክቼይን የሚባለው በአንድ መሥሪያ ቤት ሣጥን ሳይሆን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በአንድ ጊዜ የሚያዝ መዝገብ ነው። አንዴ የተጻፈበትን መደለዝም ሆነ መፋቅ እጅግ ያስቸግራል። ቢትኮይንና መሰሎቹ የቆሙት በዚህ መዝገብ ላይ ነው። ፓርቲያችን የቴክኖሎጂ ጠላት አይደለም። የምንቃወመው ቴክኖሎጂው ወደ አገር የሚገባበትን መንገድ ነው።

ይህ መንገድ እንዴት እንደሚጠረግ ለማወቅ አሜሪካን መመልከት ይበቃል። የዘርፉ ኩባንያዎች በ2018 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን የብሎክቼይን ማኅበር አቋቋሙ። ኮይንቤዝ የተባለው ኩባንያ በ2023 ደጋፊ የሚመዘግብ፣ ፖለቲከኞችንም እንደ ተማሪ ውጤት የሚሰጥ ንቅናቄ አስጀመረ። በ2024ቱ ምርጫ ደግሞ በዋናነት በእነዚሁ ኩባንያዎች ገንዘብ የቆመው ፌርሼክ ከ130 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰ። «የማኅበረሰብ ድጋፍ» የሚባለው እንዲህ ይገነባል። ይሁንና እዚያ የገንዘቡን መጠንና የከፋዮቹን ማንነት ማወቅ የተቻለው ሕጉ ይፋ እንዲሆን ስለሚያስገድድ ነው። ወደ እኛ አገር ሲመጣ ግን በሩ የተከፈተው እንዲህ ያለ ግዴታ ሳይኖር ነው።

የተደረገውን እናስታውስ። የካርዳኖ መረብ ገንቢ የሆነው አይ ኦ ኤች ኬ በ2010 ዓ.ም. ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመ። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ወጣት ሴቶችን የፕሮግራም ጽሕፈት አሠለጠነ። ሥልጠናውን አንነቅፍም፤ የተማረች ልጅ የአገር ሀብት ናት። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ግን የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ማንነትና ውጤት በ3,500 ትምህርት ቤቶች በዚሁ ቴክኖሎጂ ለመመዝገብ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር መስማማቱ ተነገረ። በዚያን ጊዜ የግል መረጃን የሚጠብቅ ራሱን የቻለ አዋጅ በአገራችን አልነበረም። አዋጅ ቁጥር 1321 የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ነው። ቤቱ ሳይሠራ ቁልፉ ተሰጠ ማለት ይህ ነው።

ዓላማው ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃን መከላከል ነው ተባለ። ችግሩ እውነተኛ ነው። ነገር ግን የማይፋቅ መዝገብ እውነቱንም ሐሰቱንም እኩል ይጠብቃል። ሐሰተኛውን ውጤት የሚያስገባው እጅ ካልተያዘ፣ ሐሰቱ እስከ ዘለዓለም ታትሞ ይቀመጣል። አዋጁ ለዜጋው የሰጠው ስህተትን የማሳረምና መረጃን የማሰረዝ መብትስ እንዴት ይፈጸማል? አቅራቢዎች በመረቡ ላይ የሚሰፍረው ማረጋገጫው እንጂ የተማሪው ዝርዝር አይደለም ይላሉ። እንግዲያው ውሉ ይታይ፤ ስንት ተማሪ እንደተመዘገበ፣ መረጃው የት እንዳለ መንግሥት ለወላጆች ይንገር።

ሁለተኛው ጉዳይ ኤሌክትሪክ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስጠነቀቀ። በሌላ በኩል የመንግሥቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ድርጅት፣ በአብዛኛው ከቻይና ለመጡ የቢትኮይን ቆፋሪዎች ኃይል በዶላር ሸጠ። ዜጋው ቢገበያይበት ጥፋተኛ፣ ባዕዱ ቢያመርተው ደንበኛ! ድርጅቱ አዲስ ቆፋሪ መቀበል ማቆሙን የገለጸው በ2017 ዓ.ም.፣ የሚሰጠው ኃይል ሲያልቅበት ነው። የውጭ ምንዛሪ አስገኝቷል መባሉን አንክድም። ሆኖም ለሕዳሴ ግድብ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ቦንድ የገዛው፣ የወር ደመወዙን የሰጠው ሠራተኛ፣ ገበሬና ጡረተኛ ነው። ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው ዛሬም መብራት የለውም። በኩራዝ የሚያጠና ልጅ ያለው ገበሬ፣ ቦንድ የገዛበት ኃይል ለማን፣ በስንት ብር እንደተሸጠ የመጠየቅ መብት አለው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆን፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲጠበቅ፣ በአንቀጽ 43 ሕዝብ በልማት ጉዳይ እንዲመከር ደንግጓል። በሆቴል አዳራሽ የተደረገ ዐውደ ጥናት ምክክር አይደለም። ስለዚህ ፓርቲያችን ቢመረጥ፦

1ኛ. የዜጎችን መረጃ ወይም የሕዝብን ኃይል ለኩባንያ የሚሰጥ ማንኛውም ውል ከመፈረሙ በፊት ይፋ ይሆናል፤ በምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴም ይመረመራል።

2ኛ. ባለሥልጣንን የሚያግባባ የኢንዱስትሪ ማኅበርም ሆነ ኩባንያ ይመዘገባል፤ ገንዘቡን ማን እንደሰጠ ያሳውቃል።

3ኛ. ኃይል በቅድሚያ ለመኖሪያ ቤት፣ ለጤና ተቋም፣ ለወፍጮ፣ ለመስኖና ለፋብሪካ ይሰጣል። ቆፋሪ የሚያገኘው የተረፈውን ብቻ ነው፤ ዋጋውም ይታወጃል።

4ኛ. የልጅ መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይመዘገብም። ፈቃድ ያልሰጠ ወላጅ ልጅ ከትምህርት ገበታ አይገለልም።

ክቡር መራጭ ሆይ! አሠልጣኙ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፤ ባለሥልጣኑም ይሻራል። መዝገቡና ግድቡ ግን ለልጆችህ የሚቀሩ ናቸው። ባለቤቱ አንተ ነህና ሳትጠየቅ አይፈረምብህ!

ድምፅህን ለግልጽ አሠራርና ለሕግ የበላይነት ስጥ!

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ