ጊታሩን በአልኮል አትፈትጉት!

«ወርቅ አስመስዬልሃለሁ!» አለኝ ጠጋኙ። እኔ የሰጠሁት ክር እንዲቀይርልኝ ብቻ ነበር። እሱ ግን በጎ የሠራ መስሎት ስፔን ሠራሹን የአባቴን ጊታር በአልኮል ፈትጎ፣ በላዩ ላይ የቤት ዕቃ ፖሊሽ ረጭቶበታል። አባቴ ክንዱን ያሳርፍበት የነበረው ቦታ ተልጦ እንጨቱ ገርጥቷል። ይባስ ብሎ ያሳመረበትን አስከፈለኝ!

ኧረ ጎበዝ! ዕቃ ካላብረቀረቀ ንጹሕ አይደለም ያለን ማነው? ጊታር ቁም ሣጥን አይደለም። ፊቱ ስስ የሆነው እንዲርገበገብ ነው፤ ቅቡም የሚሳሳው ለዚሁ ነው። በብዙ የቆዩ ክላሲክ ጊታሮች ላይ ያለው ቅብ ጎማላካ ነው፤ ነፍሳት ከሚያመነጩት ሙጫ የሚዘጋጅ፣ በአልኮል ሟሙቶ በጨርቅ እየታሸ የሚቀባ። እንግዲህ በአልኮል የመጣ በአልኮል ይሄዳል። ያ ማጽዳት ሳይሆን መግፈፍ ነው። የድሮዎቹ የአሜሪካ ጊታሮች ናይትሮሴሉሎስም ቢሆን አሴቶንና ቲነር ያሟሙታል፤ የማስቀመጫው ጎማ እንኳ ውሎ አድሮ ምልክት ይተውበታል። ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጡት አብዛኞቹ የሚለብሱት ፖሊስተርና ፖሊዩረቴን ብዙ ይችላል። የስህተቱም ምንጭ ይኸው ነው፤ አንዱ ስለቻለ ሁሉም የሚችል ይመስለናል። ሲሊኮን ያለበት ፖሊሽ ደግሞ በስንጥቁ ሰርጎ ይገባና፣ ነገ አዲስ ቅብ ልቀባ የሚለውን ጠጋኝ ያስለቅሰዋል።

«የዊሊ ኔልሰን ጊታር ቀዳዳ አውጥቶ የለ እንዴ? ምን አስጨነቀህ!» ያለኝ ወዳጅ አለ። አዎን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የገዛው ማርቲን ፊቱ ተበልቶ ተቀድዷል። የበላው ግን ጨዋታ ነው፤ የጣትና የመምቻ ሥራ። በጨዋታ ያረጀን ጊታር ማንም አይነቅፍም። የኔን የበላው ግን አንድ ከሰዓት በኋላ የፈሰሰ አልኮል ነው።

ለላብ መድኃኒቱ ታጥቦ የለሰለሰ አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ነው፤ ተጫውቶ ሲያበቁ ጠረግ ማድረግ፣ ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ መክተት። እድፉ እምቢ ካለ እፍ ብሎ በትንፋሽ ማራስና ወዲያው ማድረቅ። ይኸው ነው! ገንዘብ ስለማያስወጣ ይሆን የማናምነው?

ጠጋኙ ባለፈው ሳምንት ደወለ። የተላጠውን በነጻ ቫርኒሽ ልቀባልህ አለኝ። እምቢ ብያለሁ።