ጦስኝን ከነሥሩ መንቀል የሚያስከትለው ኪሳራ

ክረምቱ ወጥቶ ጦስኝ ማበብ ሲጀምር በሰሜን ሸዋ ደጋ ሴቶችና ልጆች በየሜዳው እየለቀሙ ወደ ገበያ ማውረዳቸው የቆየ ልማድ ነው። ጦስኝ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ይገባል፤ በሻይ ይፈላል፤ ለጉንፋንና ለሳልም ይጠጣል። ዛሬ የተለወጠው አወሳሰዱ ነው። ይህ ዘጋቢ በአንድ የደጋ ቀበሌ ተዘዋውሮ እንደተመለከተው፣ ለመኪና መንገድ በሚቀርበው ተዳፋት ላይ ጦስኙ በዶማ ተገልብጦ አፈሩ ተራቁቷል። ከዚያ ከፍ ብሎ ጆንያ ተሸክሞ መውረድ በሚያስቸግረው ገደል አፋፍ ግን እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ይታያል። ስለዚህ ጉዳዩ በመጀመሪያ የሚመለከተው የገበሬ ማኅበር መሪዎችን ነው፤ ሜዳው የጋራ ነውና።

ተክሉ ለምን እንደሚፈለግ ማወቅ ዋጋውንም አያያዙንም ለመረዳት ይጠቅማል። ቅጠሉ በጣት ሲታሽ የሚያውደው በገጹ ላይ ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች የተቋጠረው ዘይት ነው። ይህ ዘይት በቀላሉ የሚተን በመሆኑ በእንፋሎት ተነጥሮ ይወጣል፤ አረቄ ሲወጣ ላየ ሰው ዘዴው እንግዳ አይሆንበትም። በዘይቱ ውስጥ ጎልተው የሚገኙት ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ሁለቱም 10 የካርቦን፣ 14 የሃይድሮጅንና 1 የኦክሲጅን አቶም ያሏቸው ሲሆኑ፣ የሚለያዩት በአቶሞቹ አቀማመጥ ብቻ ነው።

የእነዚህን ሥራ ለመረዳት ቅቤን ማሰብ ይበቃል። ለጋ ቅቤ ውሎ አድሮ ሽታው የሚለወጥበት አንዱ ምክንያት በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ስቡን ስለሚያጠቃው ነው። አንዱ የተጠቃ የስብ ቅንጣት ሌላውን እያጠቃ ጉዳቱ እንደ ሰደድ እሳት ይዛመታል። ቲሞልና ካርቫክሮል ከራሳቸው አንድ የሃይድሮጅን አቶም ለተጠቃው ቅንጣት በመስጠት ቅብብሎሹን ይቆርጡታል። ይህን ሥራ የሚሠሩ ነገሮች አንቲኦክሲዳንት ይባላሉ። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ቅመማ ቅመም የሚጨምሩት ለጣዕም ብቻ ነው ብሎ ማለፍ እንግዲህ ስሕተት ሊሆን ይችላል። በፈላ ውሃ ውስጥ ደግሞ ዘይቱ ብዙም ስለማይሟሟ፣ ለሻዩ ይህን ጠባይ በይበልጥ የሚሰጡት እንደ ሮዝማሪኒክ አሲድ ያሉ በውሃ የሚሟሙ ንጥረ ነገሮች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አስፈላጊ ነው። በብልቃጥ ውስጥ ኦክሲጅንን መከላከሉ በሰው አካል ውስጥ በሽታ ለመፈወሱ ማስረጃ አይሆንም። ጦስኝ የደም ግፊትን ወይም የስኳር በሽታን ያድናል እያለ የሚሸጥ ነጋዴ ቢመጣ፣ ታማሚ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ መምከር ይገባል። ተነጥሮ የወጣው ዘይት ደግሞ ኃይለኛ ስለሆነ እንደ ሻይ የሚጠጣ አይደለም።

የዘይቱ ይዘት ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአንዱ ስፍራ ቲሞል ሲበልጥ በሌላው ካርቫክሮል ይበልጣል። በመሆኑም የተለያየ ቀበሌ ጦስኝ በአንድ ጆንያ መደባለቅ ጥራቱን የሚጠብቅ ገዢን ያርቃል። ዘይቱ በቅጠልና በአበባ እንጂ በሥሩ ስለማይከማች፣ ነቃዩ በጆንያው የሚጨምረው ሥርና አፈር ነው፤ ሚዛን ይደፋ ይሆናል እንጂ ለአንጣሪው አይጠቅመውም። የሚሻለው ሲያብብ ጠብቆ፣ እንጨት ከሆነው ግንድ በላይ በማጭድ ማጨድ ነው። ግንዱና ሥሩ ከቀሩ ተመልሶ ያቆጠቁጣል፤ ንቦችም ከተረፈው አበባ ይቀስማሉ። የታጨደው በጥላ ሥር ይደርቃል፤ በፀሐይ ላይ ቢሰጣ ሽታው፣ ማለትም የሚሸጠው ነገር፣ አብሮ ይተናል።

አንዳንድ መሪዎች ሕግ አለ፣ መንግሥት ይጠብቀው የሚል ሐሳብ ሲሰነዝሩ ይሰማል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 በእርግጥ የማኅበረሰብን ዕውቀትና የጄኔቲክ ሀብትን ይመለከታል። አንድ ኩባንያ የተክሉን ዘር ባሕርይ ለምርምርና ለአዲስ ምርት ሊወስድ ቢፈልግ ፈቃድ ማውጣትና ጥቅም ማካፈል አለበት፤ ማኅበረሰቡም ዕውቀቱን ለመስጠት አስቀድሞ ይጠየቃል። እንዶድን ላስታወሰ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ ልብስ የሚታጠብበት ወንዝ ላይ ሞተው ያዩዋቸው ቀንድ አውጣዎች ወደ ትልቅ ግኝት መርተዋል፤ በኋላ ግን በእንዶድ አጠቃቀም ላይ አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ ባለቤትነት መብት የወሰደው አንድ የዚያው አገር ዩኒቨርሲቲ ነበር። ነገር ግን ይኸው አዋጅ ለቀጥታ ፍጆታ የሚሸጠውን ምርት አይመለከትም። ገበያ የሚወርደው የጦስኝ ጆንያ ከዚህ ውጭ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ሜዳውን የሚያድነው የአካባቢው ደንብ ነው። ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሜዳ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ፣ ሲደርስ ቀን ቆርጠው በጋራ ያጭዱት ነበር። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሟል። ጦስኝም እዚያው ከጓሳው ጋር ይበቅላል።

ከባዱ ነገር ደንቡን መጻፍ ሳይሆን ማስከበሩ ነው። በጥንቃቄ ያጨደ ሰው የተወውን ግንድ ማታ ሌላው በዶማ ከነቀለው፣ በማግስቱ እሱም ዶማ ይዞ ይወጣል። በለቀማ ኑሯቸውን የሚደጉሙት ደግሞ ብዙ ጊዜ መሬት የሌላቸው ሴቶችና ወጣቶች ናቸው፤ ሜዳውን ጨርሶ መዝጋት በእነሱ ላይ ይከብዳል። የሚቀጥለው አበባ ከመድረሱ በፊት ለቃሚዎቹ ራሳቸው በሚገኙበት ጉባኤ የማጨጃው ቀን፣ በየተራ የሚያርፈው ተዳፋትና ዶማ ይዞ የተገኘ የሚከፍለው መቀጫ ሊወሰን ይችላል። መንገድ ዳር ያለው የተራቆተው ተዳፋት ለመጀመሪያው እረፍት ይመረጥ።