የመኪና ባትሪ በሌሊት ስለሚያልቅበት ምክንያት

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና መርሳን አልፎ ሲሪንቃ ይደርሳል። በዚያ አገር ፒክአፕ የሚባለው መኪና ለባለቤቱ ክብር ብቻ የቆመ አይደለም፤ ማሽላውንና ጤፉን ለገበያ የሚያደርስ፥ ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ወደ ወልድያ ሆስፒታል የሚወስድ የቤተ ሰብ ሁሉ አገልጋይ ነው እንጂ። ማታ በደኅና የቆመው መኪና ጧት ቁልፉ ሲዞር ቀጭ ብሎ ዝም ቢል፥ በቀን የሆነ እንደ ሆነ የሠፈር ጐበዛዝት ገፍተው ያስነሡታል፤ በሌሊት፥ ሕመምተኛ ተጭኖ ሳለ ቢሆን ግን ነገሩ እጅግ ከባድ ነው።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች ባለመኪናዎች አዲስ ባትሪ ይገዛሉ። አዲሱም ጥቂት ቀን ይሠራና እንደ ፊተኛው ይሆናል፤ ያን ጊዜም ሻጩ ይታማል። ጎተራ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ግን ጎተራውን ከመለወጥ አስቀድሞ፥ እኽሉ ገብቶ እንደ ነበረ፥ ከገባም በኋላ ማን እንደ በላው መጠየቅ ይገባል። ባትሪም እንደዚሁ ነው፤ ወይ ራሱ አርጅቷል፥ ወይ ቀን አልሞላም፥ ወይ ሌሊት የሚጠጣው ነገር አለ። ሦስቱንም ለመለየት የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ቴስተር የሚሉት ትንሽ መለኪያ ይበቃል።

ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. ያወጣው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ፥ ዛሬም በብዙ መኪና ውስጥ የሚሠራው በዚያው ሥርዓት ነው። የመኪናው ባትሪ ስድስት ክፍል አለው። መኪናው ሲቆም አድሮ ጧት ሳይነሣ ሲለካ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህል ቀርቶታል፤ ከ12 በታች ከወረደ ሊያልቅ ተቃርቧል። ባትሪን የሚጎዳው ብርድ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ ዕድሜውን ይልቁንም የሚያሳጥረው ሙቀት ነው። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ቢሆን ውኃው ሲጎድል የተጣራ ውኃ ብቻ ይጨመርበታል፤ የጉድጓድ ውኃ ወይም አሲድ አይጨመርም።

ቀጥሎ ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ ይለካ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየ ዲናሞው ይሞላል። ከ13 ብዙ ካልራቀ ቺንጊያው ላልቶ ወይም ዲናሞው ደክሞ ይሆናል፤ ከ15 ካለፈ ደግሞ ውኃውን እያፈላ ባትሪውን ይገድለዋል። በባትሪው ጫፍ ላይ የሚበቅለው ነጭ ዝቃጭም በሙቅ ውኃና በሶዳ ታጥቦ መያዣው በደንብ ይጥበቅ። ይህ ቀላል ነገር ሳይታይ ስንት ሞተሪኖ በከንቱ ተፈቷል!

የቀረው የሌሊቱ ሌባ ነው። ባለ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይሁንና ከመኪናው ውስጥ አንዲት ትንሽ መብራት ሳትጠፋ ትደር እንበል። መብራቲቱ ግማሽ አምፔር ብትወስድ በቀንና በሌሊት 12፥ በሦስት ቀን 36 ትጠጣለች፤ ይህም ከባትሪው ግማሽ በላይ ነውና የናፍጣ ሞተር ለማስነሣት አቅም አይኖረውም። ደኅና መኪና ግን ቆሞ ሳለ ከ0.05 አምፔር የበለጠ አይወስድም፤ በዚህ ልክ 36 ለማጉደል አንድ ወር ይፈጅበታል።

ሌባውን ለመያዝ መኪናው ጠፍቶ በሮቹ ይዘጉ፤ የኔጌቲቩ ገመድ ከባትሪው ይፈታና ቴስተሩ በ10 አምፔር መሰኪያው በገመዱና በባትሪው ጫፍ መካከል ይግባ። ቴስተሩ እንዳይቃጠል በዚህ ጊዜ ሞተር ማስነሣት ክልክል ነው። አዳዲሶቹ መኪኖች ቶሎ ስለማይተኙ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። ቍጥሩ ከ0.05 ከበለጠ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀሉ፤ በየትኛው ቍጥሩ ዝቅ እንዳለ ይታይ፤ ጥፋቱ በዚያ መሥመር ላይ ነው። ብዙ ጊዜም የሚገኘው በቁልፉ ሳያልፍ በቀጥታ ከባትሪው የተቀጠለ ራዲዮ፥ ወይም ለስልክ መሙያ ተብሎ የተጨመረ ገመድ ነው። ልጆችን ከመቈጣት በፊት ይህን መመልከት ይሻላል።

ፊውዙ ሁሉ ተነቅሎ ቍጥሩ ዝቅ ካላለ ዲናሞው ይጠርጠር። በውስጡ ያለው ዳዮድ ሲበላሽ ቀን የሞላውን ሌሊት መልሶ ያፈስሳል። የኔጌቲቩ ገመድ ተፈትቶ ሳለ ወፍራሙ የዲናሞ ገመድ ከዲናሞው ተነቅሎ በጨርቅ ይጠቅለልና እንደ ገና ይለካ፤ ቍጥሩ ከወረደ በደለኛው ተገኘ። ይህን ሥራ ግን ለባለሙያ መተው ይሻላል።

ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚወጣው በአጠገቡ ክብሪት አይጫር፥ ሲጋራም አይጨስ፤ የጣት ቀለበት ይውለቅ። ገመድ ሲፈታ ኔጌቲቩ አስቀድሞ፥ ሲታሰርም በመጨረሻ ይሁን። ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ሳምንታት የሚቈዩ ሹማምንትም ይህንኑ ገመድ ፈትተው ቢሄዱ መልካም ነው።

ጥፋቱ ከተጠገነ በኋላ ያለቀው ባትሪ ዲናሞ ይሞላዋል ተብሎ አይተው፤ ባዶውን የቈየ ባትሪ ውስጡ ይደነድናልና በመሙያ መሣሪያ ቀስ ብሎ ይሞላ። ከዚያም መኪናው ሦስት ሌሊት ሳይነሣ ቆሞ ይለካ፤ ከ12.5 ቮልት ያላነሰ ካሳየ ለአዲስ ባትሪ የታሰበው ገንዘብ በቤት ይቈይ።