ሜዲኬድ ሲቀነስ እናቶቻችንን ማን ይጦራል?

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የአሜሪካ አረጋውያንን ከሚያጥቡት፣ ከሚያበሉትና ከሚያጫውቱት መካከል ብዙዎቹ እህቶቻችን ናቸው። የእነዚሁ እህቶች እናቶች ግን ልጆቻቸው ሁለት ሥራ ሲሮጡ ከቴሌቪዥን ጋር ተፋጠው ይውላሉ።

ብዙው ሰው ሜዲኬር ይከፍላል ብሎ ይጠብቃል። አይከፍልም፤ ሜዲኬር ለሕክምና እንጂ ምግብ ለሚያበስልና አብሮ ለሚውል ሰው አይደለም። የሚከፍለው ለድሆች የቆመው ሜዲኬድ ነው፤ በአንዳንድ ግዛቶች እንዲያውም ልጅ ወላጁን እየጦረ ደመወዝ ያገኛል። በልጁ ጠሪነት ግሪን ካርድ ይዞ የመጣ አዛውንት ግን በአብዛኛው 5 ዓመት መጠበቅ አለበት።

ዋናው አደጋ ሌላ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ግዛቶችን የሚያስገድደው የአረጋውያን መጦሪያ ተቋማትን ወጪ እንዲሸፍኑ ነው፤ የቤት ውስጡ እርዳታ አብዛኛው ለፈቃዳቸው የተተወ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ የሜዲኬድን የፌዴራል ገንዘብ ስለሚቀንስ፣ ግዛቶች መቀሱን መጀመሪያ የት እንደሚያሳርፉ ለመገመት ነቢይነት አያሻም።

ዕድሮቻችን (ይህን ስል ለመውቀስ አይደለም) አስከሬን ወደ አገር ለመላክ ገንዘብ ያዋጣሉ። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ተራ ገብቶ አንዲት አሮጊት ዘንድ ቡና የሚያፈላ አባል መመደብም ከአቅማቸው በላይ አይደለም። በቀጣዩ ስብሰባ አጀንዳ ይያዝለት።